ጀርወል የደረሰ የደጋ ጓዝ

ከጅዳ ተነስቶ መካ የሚገባው አሮጌ መንገድ ከተማዋን በምዕራብ በኩል ሲነካ የሚያገኘው ሰፈር ጀርወል ነው። ዛሬ ሆቴልና ሕንፃ የከበበው ይህ ሰፈር ለረጅም ዘመን የግመልና የጭነት ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1814 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያየውን መካ ሲገልጽ፣ በዚህ በኩል የነበሩት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች በጅዳና በመካ መካከል ዕቃ እያመላለሱ የሚተዳደሩ በደዊኖች መኖሪያ መሆናቸውን ጽፏል። ነቢዩ ሙሐመድ መካ ከመግባታቸው በፊት ያደሩበትና ገላቸውን የታጠቡበት ዙ ጡዋ የሚባለው ስፍራ፣ ጉድጓዱም ጭምር፣ የሚገኘው እዚሁ ጀርወል ውስጥ ነው። ከባሕር በኩል ለሚመጣ ሰው እንግዲህ ጭነት ማራገፍም ታጥቦ ወደ ሐረም (ወደ ካዕባው መስጂድ) መግባትም የሚገናኙት በዚህ ሰፈር ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሐጃጆች የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የሚያወራው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዓሊሞችና ስለ ፖለቲካ ነው። እዚያ ግመል ላይ ስለነበረው ጓዝ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ጓዙን ፈቶ ማየት ግን ብዙ ያስተምራል። መንገደኛ ዕቃውን የሚያስረው የሚሄድበትን አገር አየር አስቦ ነው የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ አይሠራም። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ ወደ መካ የሚወርደው ሰው ጓዙን የወሰነለት የተነሳበትና የሚመለስበት የደጋ ብርድ እንጂ የደረሰበት አገር ሙቀት አልነበረም፤ አውሮፕላን ከመጣ ወዲህም ይኸው ብርድ ከጓዙ አልወጣም።

መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ከወሎ የሚነሳ ሐጃጅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከሆነው ከደሴ አካባቢ ወደ ባቲ ይወርዳል፤ ከዚያ የአፋርን ሜዳ ይዞ በአውሳ በኩል ወደ ተጁራ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ዳር ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ባሕሩን ገና ሳያይ ከውርጭ ወደ እሳት የወረደ ነው። የጎንደሩ ነጋዴ ወይ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ወይ በመተማ በኩል ሱዳንን አቋርጦ ወደ ሰዋኪን ይጓዛል። የሐረሩ ሰው ወደ ዘይላ ይወርዳል። እርግጥ ሐረር ከተማ ከ1,900 ሜትር ብዙም ስለማትዘል፣ የሐረሩ መንገደኛ ብርድን እንደ ወሎዬውና እንደ ጎንደሬው አያውቀውም፤ ክርክሬም ለእሱ ላላ ይላል። ለቀሩት ግን ጉዞው ሦስት የአየር ጠባይ ይፈራረቅበታል፦ ደጋው፣ ቆላውና ባሕሩ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ላይ መውጣት አለ። የመውረጃው ሙቀት አንዴ ካለፈ ያልፋል። ላብና ወባ የተፈራረቁበት፣ ስንቁ ያለቀበት ሰው ተመልሶ ደጋ ሲወጣ የሚያገኘው ብርድ ግን የሚያገኘው በደከመበት ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ የሐጅ ወቅት አንድ ቦታ አይቆምም። የሒጅራ ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በጥር 1941፣ በጥር 1974 እና በጥር 2006 የሐጁ በዓል ዒድ አል አድሐ በአረቢያ ክረምት መካከል ዋለ፤ በሰኔ 1959፣ በሰኔ 1991 እና በሰኔ 2024 ደግሞ በአረቢያ በጋ ንዳድ። ለመካ ነዋሪ ይህ ማለት ሐጅ አንዳንዴ ሞቃት፣ አንዳንዴ ለዘብ ያለ ይሆናል ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ደገኛ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሐጁ ጥር ላይ ከዋለ፣ በእግርና በበቅሎ ዘመን ሰውየው የሚነሳው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሜዳው በጠዋት ውርጭ በሚነጣበት ወቅት ነው። ሐጁ ሰኔ ላይ ከዋለ ደግሞ መመለሻው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃል፤ ወንዝ በሞላበት፣ ጭቃ ጉልበት በሚደርስበት፣ ዝናቡ ቀኑንም ሌሊቱንም በማይለቅበት ክረምት። አረቢያ ወቅቱን ብትቀያይርም፣ የዚህ መንገደኛ አንዱ ጫፍ በአብዛኛው ብርድ ውስጥ ነው። ተለዋዋጭ የሆነው የመድረሻው አየር ነው፤ የማይለወጠው የቤቱ አየር ነው። አስተዋይ መንገደኛ ደግሞ ጓዙን የሚያስረው ለማይለወጠው ነው።

ምን ያስር ነበር? የደጋው የብርድ መከላከያ ከሁለት እጅ የወጣ ነው፤ ከሸማኔውና ከበግ አርቢው። ሸማኔው ጋቢን በአራት ድርብ ይሠራል፣ ከዚያ ከበድ ያለውን ቡሉኮ ያወጣል። ከበግ ጠጉር ደግሞ፣ በተለይ በመንዝና በአካባቢው፣ ባናና ዝተት ይሠራል፤ ጥቁሩ በርኖስም ከዚያው ከሱፍ ነው። በእነዚህ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ልዩነቱም የሚታወቀው የሐጅ ሕግ ሲመጣ ነው። ኢሕራም (የሐጁን የተለየ ሥርዓት) የገባ ወንድ በገላው ልክ የተቆረጠና የተሰፋ ልብስ አይለብስም፣ ራሱንም አይሸፍንም፤ ሁለት ጨርቅ ታጥቆና ደርቦ ይሄዳል። ጋቢ፣ ቡሉኮና ባና ለገላ ተለክተው ያልተቆረጡ፣ ዝም ብለው የሚደረቡ ናቸው። በርኖስ ግን ለትከሻ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ስለዚህ አንዱ መንደር ያወጣቸው ሁለት የብርድ ልብሶች መካ ደጃፍ ሲደርሱ ይለያያሉ፦ ባናው ይገባል፣ በርኖሱ ታጥፎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ሊሞግት ይችላል። ጋቢም ቢሆን ከሸማኔው ጉድጓድ የሚወጣው ስፋቱ ጠባብ ሆኖ ነው፤ ጎን ለጎን ተጋጥሞ በመርፌ ስለተያያዘ የተሰፋ ልብስ አይደለም ወይ? አይደለም። ፉቀሃዎች (የሃይማኖቱ ሕግ ሊቃውንት) የተሰፋ ሲሉ ለእጅ፣ ለአንገት፣ ለእግር ቅርጽ ተበጅቶ የተሰፋውን ማለታቸው ነው። ሁለት ጨርቅ ተገጣጥሞ አንድ ሰፊ ጨርቅ ቢሆን፣ ወይም ጨርቁ ቢጣፍ ክልክል አይደለም። ነጭ መሆኑም የተወደደ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ጥለት ያለውም አይከለከልም። እንግዲህ የደገኛው ዋና የብርድ ልብስ ምንም ሳይቀየር የሐጅ ልብስ ለመሆን የሚበቃ ነበር። ሕጉ ደገኛውን የነካው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ ይልቅ ልብ የምለው ይህን ነው። ደገኛ ሲበርደው መጀመሪያ የሚያደርገው በጋቢው መከናነብ ነው፤ ራሱን፣ ጆሮውን፣ አፍንጫውን ጭምር። ኢሕራም ለገባ ወንድ የተከለከለው ደግሞ ይኸው መከናነብ ነው። ጋቢውን ይዞ መግባት ይችላል፣ ትከሻውን ይሸፍንበታል፣ ሐጃጆች በሚያድሩበት በሙዝደሊፋ ሜዳ ላይ ሲያድር ይለብሰዋል፤ ራሱ ላይ ሊያወጣው ግን አይችልም። ከልጅነት የለመደ እጅ በእንቅልፍ ልብ ጨርቁን ወደ ራስ መሳቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ለዚህ ሰው የኢሕራም ፈተና ከአልባሱ ይልቅ በልማዱ ላይ ነበር። ሴቶች ይህ አልነበረባቸውም፤ ፊትን በዓይነ ርግብ ከመጋረድና ከእጅ ጓንት በቀር የለመዱትን ልብስ ለብሰው ሐጃቸውን ይፈጽማሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሙቀቱ ነው። መካ ሰው የሚሞትባት በሙቀት እንጂ በብርድ አይደለም። በሰኔ 2024 ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ወጥቶ፣ የሳዑዲ መንግሥት ራሱ በገለጸው መሠረት ከ1,300 በላይ ሐጃጆች ሞተዋል። እንዲህ ያለ አገር የሚሄድ ሰው ብርድን አስቦ ጓዝ አሰረ ማለት እንዴት ይሆናል? ተቃውሞው ሙቀትና ብርድ ሰውን በአንድ መንገድ የሚያዝዙ ያስመስላል። ሙቀትን ሰው ተሸክሞ በሚሄደው ነገር ብዙ አይከላከለውም። ውሃ ይይዛል፣ ጥላ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ የሚያድነው የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት መምረጡ ነው። ብርድ ግን በሸክም ይመከታል። ሙቀት የሚገዛው ሰዓትን ነው፤ ጓዝን የሚገዛው ብርድ ነው። የጅዳና የመካ ቅፍለት ለዚህ ምስክር ነው። በመካከላቸው ያለው ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ በግመል የሚኬደው በአብዛኛው በሌሊት ነበር፤ ቀኑን በሐዳ ወይም በበሕራ ማረፊያ ጥላ ስር ያሳልፉታል። ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት የተጓዘ ሰው ታዲያ የሌሊቱን አየር ይቀበላል። በግመል ላይ እያንቀላፋ፣ ቀን ያላበው ገላ በንፋስ እየቀዘቀዘ የሚሄድ መንገደኛ የሚደርበው ያስፈልገዋል። ጥር ላይ የመካ ሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ይህ ለደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይባልም፤ ቀን 30 ዲግሪ ሲያላበው ለዋለ፣ ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው ግን ከጋቢ ጋር የሚያስማማ ነው። ዝናብም አለ። በ1941 መካን የመታው ጎርፍ የካዕባን ዙሪያ ውሃ ሞልቶት ሰዎች እየዋኙ ጠዋፍ አድርገዋል (ካዕባን ዞረዋል)። በኅዳር 2009 ሐጅ በተጀመረበት ዕለት ጅዳ ላይ የዘነበው ዝናብ ያመጣው ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያ በኩል ይመጣል። ጅዳ የሕንድም የእንግሊዝም ጨርቅ የሚራገፍባት ወደብ ናት፤ ሐጃጁ ለምን ከወሎ ድረስ ጨርቅ ይሸከማል? እዚያው አይገዛም? ገንዘብ ያለው መግዛቱ አይቀርም። ከውጭ የሚመጣው ርካሽ ጨርቅ ግን፣ እኛም ዘንድ አቡጀዲድ እየተባለ የገባው ዓይነት፣ ስስ ነው፤ ለኢሕራም ይበቃል፣ ለመመለሻው አይበቃም። ደሃው ደግሞ ምርጫ የለውም። ደሃ ያለውን ያዘ እንጂ መች አሰበ የሚል ቢኖር፣ እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ አንድ ጨርቅ ብቻ ያለው ሰው ነው ከሁሉ አብልጦ ማሰብ ያለበት። ያቺ አንዷ ጋቢ ቀን ልብሱ፣ ሌሊት አልጋው፣ መርከብ ላይ ጥላው፣ መካ ላይ ኢሕራሙ፣ መንገድ ላይ ቢሞት ከፈኑ ናት። ስንቁም ቢሆን በዚሁ ልክ የታሰበ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንጣ ማገዶ የማይፈልጉ፣ በቆላ ሙቀት ቶሎ የማይበላሹ ናቸው።

ጓዙን የፈተነው ሌላው ነገር የሐኪም እጅ ነው። በ1865 መካ ላይ የተነሳው ኮሌራ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተዛምቶ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1866 ኢስታንቡል ላይ የዓለም የጤና ጉባኤ ተጠርቶ የሐጅ መንገድ በኳራንቲን እንዲጠበቅ ተመከረ። የኦቶማን መንግሥትም በ1882 በካመራን ደሴት ላይ ከደቡብ ለሚመጡ መርከቦች ማቆያ ከፈተ። እዚያ ሐጃጁ ይታጠባል፣ ልብሱና ዕቃው በእንፋሎት ይታጠናል። እንፋሎት ቆዳን ያኮማትራል፣ ጥጥን ግን ብዙም አይጎዳውም። በስልቻና በቆርበት የሚታሰር ጓዝ እንዲህ ያለውን ፈተና በደህና አይወጣም፤ በሸማ ተጠቅልሎ የታሰረ ግን ይወጣል። ካመራን እስከ 1952 ድረስ አገልግላለች።

በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ጓዙን ራሱ ያሰረ አልነበረም። ቀይ ባሕርን ተሻግረው ጅዳና መካ ከደረሱት ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቹ በባርነት የተሸጡ ወንድና ሴት ልጆች ነበሩ። ሆላንዳዊው ስኑክ ኸርግሮንየ በ1885 መካ ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ ሐበሾች በከተማዋ ቤቶች ውስጥ የነበራቸውን ስፍራ በሰፊው ይተርካል። ሳዑዲ ዐረቢያ ባርነትን የከለከለችው በ1962 ነው። ሐጃጁ በጋቢው ደጋውን ይዞ ይሄዳል፤ ከደጋ የተወሰደ ባሪያ ግን ከደጋው ምንም አይይዝም። ስለ ጓዝ የሚጻፍ ታሪክ ይህን ካላነሳ ስለ ጓዝ ባለቤቶች ብቻ የተጻፈ ይሆናል።

መንገዱ እያጠረ ሲሄድ ጓዙ ተለወጠ። ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለሸዋና ለሐረርጌ ሐጃጅ ቁልቁለቱ ከሳምንታት ወደ ቀናት አጠረ። ጣልያን አገሩን በያዘበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ የሙስሊሙን ልብ ለመሳብ ሐጃጆችን በመንግሥት ወጪ ይልክ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሐጅ ወቅት ወደ ጅዳ መብረር ጀመረ። ለብዙ ወራት የሚታሰበው ጉዞ የሰዓታት ሆነ። ቆላውም ባሕሩም ከመንገዱ ወጡ፤ ስንቁ ቀረ፤ ስልቻው በሻንጣ ተተካ። ታዲያ ከዚህ በኋላ ብርዱም ከጓዙ ወጣ ማለት ይቀናል። አልወጣም። በሚያዝያ 1997 ሐጃጆች በድንኳን በሚሰፍሩበት በሚና በተነሳው እሳት 343 ሰው ከሞተ ወዲህ የጨርቅ ድንኳኖቹ እሳት በማይበላቸውና ማቀዝቀዣ ባላቸው ተተክተዋል። ሆቴሉም፣ አውቶቡሱም፣ መስጂዱም ቀዝቃዛ ነው። ከውጭ ንዳድ ወደ ውስጥ ብርድ፣ ከውስጥ ብርድ ወደ ውጭ ንዳድ በቀን ስንት ጊዜ የሚመላለስ ሐጃጅ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ይመለሳል። ጋቢ ይዘው የሚሄዱ አረጋውያን በዚህ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም፤ ነገሩ ከወጣቶቹ ይልቅ የገባቸው እነሱ ናቸው።

ከሐጃጁ ቀጥሎ የመጣው የሥራ ተጓዡ ነው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በእነሱ ዘመን የጓዙ አቅጣጫ ተገለበጠ። ድሮ ከደጋ ወደ መካ ይወርድ የነበረው የብርድ ልብስ አሁን ከጅዳና ከመካ ወደ ደጋ ይወጣል። ወፍራሙ፣ ለስላሳው፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ በካርጎም በሻንጣም እየተላከ በስንቱ ቤት አልጋ ላይ ይገኛል። ባሏን ወይም እናቷን የምታስብ ሴት ከሞቃት አገር ብርድ ልብስ መግዛቷ ለውጭ ሰው እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል። የምትገዛው ግን ለምትኖርበት ቤት አይደለም፤ ለተወለደችበት ነው። እርግጥ ብርድ ልብሱ ለክብርም ነው፤ ከከሚሴና ከሐርቡ ቆላ የወጡትም ይልኩታል፣ እዚያ ከብርዱ ይልቅ ጌጥነቱ ያመዝናል። ክብሩ ግን ባዶ ቦታ ላይ አልተተከለም። በደጋ ቤት ወፍራም ጋቢና ቡሉኮ ከጥንትም የሙሽራ ስጦታና የባለጸጋ ምልክት የሆነው ብርድ ስላለ ነው፤ የባሕር ማዶው ብርድ ልብስ የወረሰው ይህንኑ ቦታ ነው።

ይህ ክርክር በጣም የሚታየው ጓዙ በጠፋበት ጊዜ ነው። በኅዳር 2013 የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማሰር ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ፣ ዕቃቸውን ሳይሰበስቡ፣ በለበሱት ልብስ ብቻ ነው የተመለሱት። ለዓመታት እየገዙ ያከማቹት ካርቶን በተከራዩት ክፍል ቀረ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድበት ወር ነው። ለጅዳ ሙቀት የተሰፋ ቀጭን ልብስ ለብሶ ቦሌ ሌሊት የወረደ ሰው ከምግብና ከስልክ ጋር የሚያስፈልገው፣ ጅዳ ክፍሉ ውስጥ አጣጥፎ ትቶት የመጣው ያ ብርድ ልብስ ነበር።